«ቅር የተሰኘ ካለ»

የፍራሽ ፋብሪካው ሠራተኞች «አፋችን» ይሏታል። የሕዝብ ግንኙነት ሠራተኛዋ እሷ ናትና ፋብሪካው በፌስቡክ ገጹ ሲናገር የሚናገረው በእሷ ጣት ነው። ደንበኛ ሲቆጣ አብራጇ እሷ፣ ደንበኛ ሲያመሰግን አንገቷን ሰበር አድርጋ ምስጋና ተቀባይዋም እሷ ናት። ስሙ ለቀልድ የወጣ ነበር፤ እሷም ወዳው ነበር። እስከዚያ ሳምንት ድረስ ማለቴ ነው።

ረቡዕ ጠዋት ወደ ስፌት ክፍል ስትገባ አንዱ ቀልደኛ እንደ ልማዱ «አፋችን መጣች» አለ። የሳቀ ሰው አልነበረም። ሁሉም እሷን ትተው ጥግ ላይ ወደ ተቀመጠው ጠርዝ ሰፊ ዞር አሉ። እሱ ፍራሹን በማሽኑ ላይ እያዞረ ጠርዙን ይሰፋል፤ ቀና አላለም። አጠገቡ ደርሳ ቆመች። ማሽኑን ሳያቆም፣ ዓይኑን ከመርፌው ሳያነሳ ጠየቃት።

«የሚፈልጉት ነገር አለ?»

ሰባት ወር ሙሉ «አንቺ» ሲላት የኖረ ሰው ነው። በሰው ፊትማ ድሮም «እርስዎ» ይላት ነበር፤ እሷ የቢሮ፣ እሱ የማሽን፤ ፍቅራቸውን ደግሞ ከሁለቱ በቀር የሚያውቅ የለም። ድሮ ግን «እርስዎ» ሲላት ከንፈሩ ጫፍ ላይ እሷ ብቻ የምታያት ሳቅ ነበረች። ዛሬ የለችም።

«ላነጋግርህ ፈልጌ ነበር» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

«በጽሑፍ ቢያደርጉት ይሻላል» አለ። «በጽሑፍ ይቀናዎታል።»

ሃያ ማሽን የሚጮህበት ክፍል ውስጥ ይህቺን ቃል ሁሉም የሰማት መሰላት። እንዴት ከዚያ ክፍል እንደወጣች አታውቅም። ቢሮዋ ስትደርስ በሩን ዘግታ ጀርባዋን አስደግፋ ቆመች፤ ፊቷ ይነድ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው።

እሷ ከመቀጠሯ በፊት የፋብሪካው ገጽ ፍራሽና ዋጋ ብቻ የሚለጠፍበት፣ ዝንብ እንኳ የማያርፍበት ገጽ ነበር። እሷ ስትመጣ ሕይወት ዘራችበት። ለእያንዳንዱ አስተያየት በሰዓት ውስጥ በስሙ እየጠራች መልስ ትሰጣለች። አንዲት ሴት «ፍራሻችሁ ይሸታል» ብላ ስትጽፍ፣ ሥራ አስኪያጁ «አጥፊው» ሲላት እሷ አላጠፋችውም፤ ሴትዮዋ ቤት ድረስ ሄዳ ፍራሹን ቀየረችላት፣ ስፖንጅ ከፋብሪካ ሲወጣ ስንት ቀን መናፈስ እንዳለበትም በቪዲዮ አሳየች። ያቺው ሴት ጎረቤቶቿን ይዛ መጣች። ከዚያ ወዲህ ሌሎች ድርጅቶች ሥልጠና ስጪልን እያሉ ይጠሯታል። ሥልጠናውን የምትጀምረው ሁልጊዜ በአንድ ነገር ነው፦ «መጀመሪያ ስሙ፤ ከዚያ ተናገሩ።» ይህን የምታስተምረው እሷ መሆኗን አንባቢ ልብ ይበልልኝ።

ጠርዝ ሰፊውን ያወቀችው በናሙና ነው። አዲስ ፍራሽ ሲወጣ አንድ ናሙና ፎቶ እንዲነሳ ወደ ቢሮዋ ይላካል፤ ናሙናው ላይ የሰፊው ቁጥር ያለበት ወረቀት ይንጠለጠላል። አንድ ቀን ወረቀቷን ብትገለብጣት ጀርባዋ ላይ በእርሳስ «ትናንት የሳቅሽው በምንድን ነው? እኛም እንሳቅ» የሚል ጽሑፍ አገኘች። አሥራ አራት ቁጥር። በማግስቱ በሌላ ወረቀት መለሰችለት። እንዲህ እንዲህ እያለ የጠረጴዛዋ መሳቢያ በወረቀት ሞላ።

እናቷ ጋ ግን ስለ እሱ ትንፍሽ ብላ አታውቅም። እናቷ ለልጇ የምትመኘው ቢሮ ያለው፣ ማዕረግ ያለው ሰው ነው። እሱም ይህን ያውቃል፤ አንዳንዴ ሲያሾፍባት «እናትሽ ምን ይሠራል ስትልሽ ፍራሽ ይሰፋል ልትያት ነው? እስኪ ለጥፊውና እንይ» ይላታል። ይስቃሉ። እሷ ግን ስትስቅ ዓይኑን አታየውም።

አንድ ቅዳሜ በምሳ ሰዓት፣ መጋዘን ውስጥ የስፖንጅ ክምር ላይ ተቀምጠው ስለ አባቱ አነሳ። አባቱ ከፋብሪካው በፊት፣ ፍራሽ በእጅ በሚሰፋበት ዘመን፣ አርባ ዓመት ፍራሽ ሠሪ ነበሩ። «አሁን መሬት ላይ ነው የሚተኛው» አለ። ለማንም ተናግሮት የማያውቀው ነገር እንደሆነ ከድምፁ ያስታውቃል። ሊቀጥል አፉን ከፈተ። እሷ ቶሎ ብላ እጁን ያዘችው።

«አይዞህ» አለችው። «ገብቶኛል።»

እሱ ትንሽ አያት፤ ከዚያ ዝም አለ። እሷ ዝምታውን ምስጋና ነው ብላ ወሰደችው።

ከወር በኋላ ገበያው ቀዘቀዘ። ሥራ አስኪያጁ ጠርቷት «ገጹ ተኛ እኮ፤ ፍራሽ ስለምንሸጥ ነው?» ሲል አፌዘባት። ያን ጊዜ ነው የአባትየው ነገር የመጣላት። ሰው የሰው ታሪክ ይወዳል፤ ይህን ደጋግማ አይታዋለች። ደግሞም ለፍቅረኛዋ ስጦታ ይሆናል፤ አባቱ ፍራሽ ያገኛሉ። ብጠይቀው ኩሩ ነው፣ እምቢ ይላል፤ ድንገት ይሁንለት ብላ ከሠራተኞች ማኅደር በተጠሪነት የተመዘገበውን የአባቱን ቤት አድራሻ ወሰደች። የሽያጭ ሠራተኞቹ እሱ ማሽኑ ላይ እያለ አዲስ ፍራሽ ተሸክመው አባቱ ቤት ሄዱ። አዛውንቱ ለቀድሞ ሙያቸው የተሰጠ ክብር መስሏቸው ኮታቸውን ለብሰው፣ ፈገግ ብለው ደጃፋቸው ላይ ከፍራሹ ጎን ፎቶ ተነሱ።

እሷ ከፎቶው በላይ ጻፈች፦ «አርባ ዓመት ለሰው ጎን የደከመ እጅ፣ ለራሱ ጎን ግን ፍራሽ አጣ።»

እንዲህ ያለ ዓረፍተ ነገር ጽፋ አታውቅም፤ ሦስት ጊዜ አነበበችውና ኮራችበት። በሁለት ቀን ሦስት መቶ ሺህ ሰው አየው። ሰው አለቀሰ፣ ፍራሽ አዘዘ፣ ፋብሪካውን መረቀ። ሥራ አስኪያጁ ከፎቁ ወርዶ ጠረጴዛዋ ድረስ መጥቶ እጇን ጨበጣት።

አዛውንቱ ጽሑፉን የሰሙት ፀጉር አስተካካዩ ጋ ነው። ጢማቸውን እየተላጩ ሳለ አስተካካዩ ስልኩን አውጥቶ «ታዋቂ ሆኑ እኮ» ብሎ ጮክ አድርጎ አነበበላቸው። ወረፋ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ ከንፈሩን መጠጠ። አዛውንቱ ፎጣውን ከአንገታቸው አውርደው፣ ጢማቸው በግማሽ እንደ ተላጨ ወጥተው ሄዱ። ማታውኑ የሰፈር ሰው ገጹ ላይ መጻፍ ጀመረ፦ «ልጁ እኮ እዚያው ፋብሪካ ነው የሚሠራው። አባቱን መሬት አስተኝቶ!»

ያኔ ደነገጠች። ሥራ አስኪያጁ ግን «ይቅርታ ቢጤ ጣል አድርጊበት፤ ጽሑፉ ይቆይ» አላት። ጣቷ የለመደውን ጻፈ፦ «በጽሑፋችን ቅር የተሰኘ ካለ ይቅርታ እንጠይቃለን።» የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፤ እሷ በዚያች ዓረፍተ ነገር ልታሸው ሞከረች።

እንግዲህ ረቡዕ ጠዋት ስፌት ክፍል ገብታ ያን መልስ ሰምታ የወጣችው በዚህ ማግስት ነው። ከሰዓት በኋላ አንድ ናሙና መጣላት። ወረቀቷን ቶሎ ገለበጠቻት። በእርሳስ አልነበረም፤ በእስክሪብቶ፣ እንደ ማመልከቻ በንጹህ ጽሕፈት ነበር።

«ለሕዝብ ግንኙነት ክፍል። ቅር የተሰኘ ካለ ብለው ጽፈዋል። አለን። ሁለት ነን። አንደኛው ጢሙ በግማሽ ተላጭቶ ቤት ተቀምጧል። ሁለተኛው ጠርዝ እየሰፋ ነው። 14።»

ወረቀቷን ደግማ አነበበቻት። «ካለ» የምትለዋን ቃል በሕይወቷ ስንት ጊዜ ጽፋታለች። አንድም ቀን «አለሁ» ብሎ የመጣባት ሰው አልነበረም። ቦርሳዋን አንስታ ወጣች።

በሩን የከፈቱላት አዛውንቱ ራሳቸው ነበሩ። ጢማቸው አሁን ተላጭቶ አልቋል፤ በራሳቸው እጅ ጨርሰውት መሆን አለበት፣ አገጫቸው ላይ ትንሽ ቁስል አለ። በመንገድ ላይ ስታጠናው የመጣችው ንግግር ሁሉ ከአፏ ጠፋ።

«ከፋብሪካው ነኝ አባባ» አለች። «የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

አዛውንቱ ለአፍታ አዩዋት። ይቆጣኛል ብለው የሚፈሩት ሰው ሲያዝንልዎት እንዴት ከቁጣ እንደሚብስ የደረሰበት ያውቀዋል።

«ግቢ» አሉ። «ውጭ አትቁሚ፤ ጎረቤት ያያል። ሰሞኑን ብዙ እያየ ነው።»

ቤቱ አንድ ክፍል ነው። መጀመሪያ ያየችው ፋብሪካው የላከውን ፍራሽ ነበር፤ ላስቲኩ ሳይቀደድ በቁሙ ግድግዳ ተደግፏል። ቀጥሎ መሬት ላይ ስስ ምንጣፍና የታጠፈ ብርድ ልብስ አየች። ከዚያ ቀና ስትል አልጋ አየች።

ደህና አልጋ ነው። ላዩ ላይ በእጅ የተሰፋ የጥጥ ፍራሽ አለ፤ ጠርዙ ቀጥ ያለ፣ ቋጠሮዎቹ በልክ በልክ የተቀመጡ፣ ፋብሪካው ሃያ ማሽን አሰልፎ የማይሠራው ዓይነት ፍራሽ። አንሶላው ነጭ ነው፤ ተወጥሮ ተነጥፏል። ሁለት ትራስ አለው።

«አልጋ አለዎት» አለች። ድምፅዋ የራሷ አልመስልሽ አላት።

«አለኝ እንጂ» አሉ አዛውንቱ። «አርባ ዓመት ፍራሽ ስሠራ አንድ ለቤቴ ሳልሰፋ እቀራለሁ ብለሽ ነው?»

በርጩማ አቀረቡላትና እሳቸው ምንጣፋቸው ላይ ተቀመጡ። ከላይ ሆና ቁልቁል ልታያቸው ስላፈረች እሷም ወርዳ ሲሚንቶው ላይ ተቀመጠች።

«ባለቤቴ ካረፈች አምስት ዓመቷ» አሉ። «ይቺን የሰፋኋት ስንጋባ ነው። በየዓመቱ ጥጧን አውጥቼ ነድፌ እመልሳት ነበር። እሷ ታማ ከተኛች ወዲህ ግን አልነካኋትም። እዪ፣ ከግድግዳው በኩል።»

አየች። በተወጠረው አንሶላ ሥር ትንሽ ጉድጓድ አለ፤ የአንድ ሰው ጎን የሚያህል፣ ካልነገሯት የማታየው።

«ጥጥ እንዲህ ነው፤ የተኛበትን ሰው ቅርፅ ይይዛል። ሌላ ሰው ከተኛበት ደግሞ ይለቃል። እኔ ብተኛበት በወር ውስጥ የእኔ ይሆናል። ስለዚህ እዚህ ከሥሯ እተኛለሁ። ወገቤን ትንሽ ያመኛል እንጂ ሌላ ምንም አልሆንኩም።»

«ለራሱ ጎን ግን ፍራሽ አጣ» ያለችው ትዝ አላት። ሦስት ጊዜ አንብባ የኮራችበት። ጆሮዋ ድረስ ጋለች። መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች ነበር፤ ሲሚንቶ ደግሞ አይከፈትም።

«ልጅዎ ነግሮኝ ነበር» አለች። «ማለቴ፣ ጀምሮልኝ ነበር። ያላስጨረስኩት እኔ ነኝ።»

አዛውንቱ ራሳቸውን ነቀነቁ። እሷ እንባዋን በእጅጌዋ ጠርጋ ስልኳን አወጣች።

«አስተካክለዋለሁ አባባ። ዛሬውኑ። በፋብሪካው ስም አይደለም፣ በራሴ ስም ነው። ችግረኛ እንዳልሆኑ፣ መሬት የሚተኙት ለምን እንደሆነ ሰው ሁሉ ያውቃል።»

«ምን ብለሽ ልትጽፊ?»

ልትመልስ ስትል ታወቃት። ዓረፍተ ነገሩ ራሷ ውስጥ ተጽፎ አልቋል። ስለ ጉድጓዱና ስለ ሁለቱ ትራሶች የሚናገር፣ ከፊተኛው የሚበልጥ ዓረፍተ ነገር ነው። ሰው ሁሉ ያነብበዋል፣ ግማሽ ሚሊዮን ያየዋል። የሰውዬውን ሐዘን ገና እየሰማች እሷ ስትጽፈው ነበር። በመጀመሪያው ጽሑፍ ካፈረችው በላይ በዚህ አፈረች።

«አላውቅም» አለች።

«እንግዲያው ተይው» አሉ አዛውንቱ በለሆሳስ። «ድሃ ይበሉኝ። ድሃ መባል ምን አለው፣ ስንቱ ጨዋ ሰው ድሃ ተብሏል። ልጄንም የማይረባ ይሉታል፤ እሱ ይችለዋል፣ እኔም ቻለው ብዬዋለሁ። ያቺን ቦታ ግን ሦስት መቶ ሺህ ሰው እንዲተኛባት አልፈልግም።»

«እሺ አባባ።»

«ፎቶዬን ከገጹ አንሺልኝ። ፍራሹንም ለሚያስፈልገው ሰው ስጡት። ያን ሰው ግን ፎቶ አታንሱት።»

እዚያው ተቀምጣ፣ እያዩዋት፣ ጽሑፉን አጠፋችው። በአንድ ጣት መንካት ነው። ሦስት መቶ ሺህ ሰው ያየውን ግን እንዳላየ የሚያደርግ ጣት የላትም፤ ይህን ከማንም በላይ የምታውቀው እሷ ናት።

ገና ከበሩ ሳትርቅ ሥራ አስኪያጁ ደወለ።

«ጽሑፉ ጠፍቷል። ብልሽት ነው?»

«አይደለም። እኔ ነኝ ያጠፋሁት።»

«ይቅርታ ጠየቅን አይደል እንዴ? ሰው ፍራሽ እያዘዘ ያለው በእሱ ነው። ለምንድን ነው ያጠፋሽው?»

ምክንያቱ ምላሷ ላይ ነበር። ብትነግረው ሥራ አስኪያጁም ሰው ነው፣ ይረዳታል፤ ምናልባትም አልቅሶ ያመሰግናታል። ምላሷን ነከሰች።

«ምክንያቱን መናገር አልችልም።»

«ሕዝብ ግንኙነት ሆነሽ መናገር አልችልም ማለት ምን ማለት ነው?» አለ። «ነገ ጠዋት በጽሑፍ ታቀርቢያለሽ። ካላቀረብሽ ሌላ ሰው እንፈልጋለን።»

«የምጽፈው የለኝም» አለች። ስልኩ ተዘጋ።

ዞር ስትል ጠርዝ ሰፊውን አየችው። ከሥራ መምጣቱ ነው፤ ቦርሳውን በትከሻው አንጠልጥሎ አጥሩ ሥር ቆሟል። የሰማውን ሰምቷል። ሰላም ሳይላት ከጎኗ ሆኖ ወደ ታክሲ መያዣው መራመድ ጀመረ። እሷም ተከተለች።

«አባቴ ነገረሽ?» አለ።

«ነገሩኝ።»

«ያን ቀን ልነግርሽ ነበር።»

«አውቃለሁ።»

«ገብቶኛል አልሽ።»

«አልገባኝም ነበር።»

ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሳ ትንሽ ሄደ። «ሰባት ወር ከእናትሽ ደበቅሽኝ። ጊዜ ያስፈልጋታል ብዬ ቻልኩት። አባቴን ግን በአንድ ቀን አደባባይ አወጣሽው። የአባቴ ድህነት የሚታይ፣ የእኔ ፍቅር የሚደበቅ ሆነ። እንዴት ነው ይሄ?»

ቆመች። እሱም ቆመ። እንዲህ አድርጋ አስባው አታውቅም ነበር፤ አሁን ስታስበው ግን ሌላ የምታስብበት መንገድ ጠፋት። በሰው ፊት ማቅረብ ያቃታት ፍቅረኛዋን፣ በሰው ፊት ያቆመችው ደግሞ አባቱን ነው።

«ትጠላኛለህ?» አለች።

«የሰፈሩ ሰው ያልወረወረብኝ ነገር የለም» አለ። «አባቱን ያልጦረ አሉኝ፣ ጨካኝ አሉኝ። አንዱንም አላፈርኩበትም። ውሸት ነዋ። ደግሞ እነሱ ምኔ ናቸው? አንቺን ግን ማሽኑ ላይ ተቀምጬ ሳስብሽ ጆሮዬ ይግላል። እኔ የጻፍኩት ይመስል ሰው ዓይን ማየት አቃተኝ።»

«ይቅርታ አድርግልኝ።»

«ዛሬ አልችልም» አለ።

ታክሲ መጥቶ ቆመ። በሩን ከፍታ አንድ እግሯን አስገባች፤ ሌላው አልታዘዝ አላት።

«እና ተለያየን ማለት ነው?»

የሚመልስላት አልመሰላትም ነበር። ቦርሳውን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው አዛወረ፤ ከጠዋት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኗን አየ። የእሱም ዓይን እንደ እሷው ቀልቶ ነበር።

«ተለያይተን ቢሆንማ ይቀለኝ ነበር» አለ። «ሰው በባዳ አያፍርም። የሚያፍረው በራሱ ሰው ነው።»

በሩን ራሱ ዘጋላት። ታክሲው ሲነሳ ወደ ኋላ ለመዞር አልደፈረችም። ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍና፣ እያፈረች፣ ደግሞ እፍረቱ ቶሎ እንዳይለቃት እየፈራች ሄደች።